ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ሲሜን አልቀበልም አለ፤ መስመርስ የቱን ልያዝ?

ጠያቂዋ፣ ከሞጣ
እንዴት ሰነበታችሁ? አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በሰው እጅ ሳምሰንግ ላከልኝ። የ09 ሲሜን ሳስገባ የመክፈቻ ኮድ ጠየቀኝ። ገበያው ዳር ያለ አንድ ባለሱቅ «ኮዱን አውቀዋለሁ» ብሎ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ አንዱም አልሠራም፣ የድካሙን ግን ተቀበለኝ። አሁን ደግሞ «ፍላሽ ላድርገው፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ልጫነው» ይላል። ልስጠው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የመስመር ነው። ጤፍ እነግዳለሁ፤ ሳምንቱን በሞጣና በቢቸና መካከል እመላለሳለሁ፣ እናቴ ደግሞ ገጠር ናት። ከኢትዮ ቴሌኮሙ 09 እና ከሳፋሪኮሙ 07 የትኛው ይሻለኛል? በየወሩ ሒሳብ የሚመጣበትን ውል ልግባ ወይስ ቀድሜ እየሞላሁ ልቀጥል?

ስልክ ጠጋኝ፣ ደብረ ማርቆስ
እህቴ፣ ስልኩን ለማንም አትስጪ፤ ኮድም ከእንግዲህ አታስሞክሪ። የሙከራው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ካለቀ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣ እንኳ ላይቀበል ይችላል። ፍላሽ ማድረግ ፎቶሽንና የስልክ ቁጥሮችሽን ያጠፋል እንጂ የኔትወርክ ቁልፉን አይነካውም።

በየሱቁ ሁሉንም «ተቆልፏል» ይሉታል፤ ነገሩ ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የአንቺ ነው፦ ስልኩን በዱቤ የሸጠው የውጭ ኩባንያ ከራሱ ሲም ሌላ እንዳይቀበል ያደረገው። ሁለተኛው የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአፕል መለያ ሳይወጣለት ሲቀር ነው። ሦስተኛው ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ ስልክ ነው፤ ይህን እኔ በእጄም አልነካውም።

*#06# ብለሽ ደውዪ። ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል፤ እሱን ለአጎትሽ ልጅ ላኪለት። ቁልፉን የሚያነሳው ያስገባው ኩባንያ ብቻ ነው፤ ጠያቂውም ስልኩን በስሙ የገዛው ሰው ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ዋጋው ተከፍሎ ካላለቀ አይከፍትም። ሌላም ነገር እይ፦ የሳምሰንግሽ የሞዴል ቁጥር በእንግሊዝኛው «ዩ» ፊደል ካበቃ ለአሜሪካ ኩባንያዎች የተሠራ ነው፤ ከ«ዩ» ቀጥሎ 1 ካለበት ግን ከመጀመሪያውም ክፍት ሆኖ የተሸጠ ነው። የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ የሚይዙት አንድ የሲም ካርድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም መስመር በአንድ ስልክ አደርጋለሁ ካልሽ ማስገቢያውን አስቀድመሽ ቁጠሪ።

ከባሕር ዳር
የጠጋኙን ቃል ስሚ፤ እኔ ሳልሰማ ከስሬያለሁ። አንድ ሱቅ «ክፍት ነው» ብሎ አይፎን ሸጠልኝ። ከሲሙ ሥር ቁልፉን የምታታልል፣ እንደ ወረቀት የሳሳች ቺፕ አስገብተውበት ኖሯል። ስልኩ ሶፍትዌሩን ያደሰ ዕለት ቺፗም ሞተች፣ እኔም ባለ ውድ ካሜራ ሆኜ ቀረሁ። አይፎን የምትገዙ ሰዎች ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብታችሁ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

ከውጭ ስልክ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለም ይህን ንገሩት፦ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው በስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ካናዳ እንደ ፈረንጆቹ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ከልክለዋል፤ ከእነዚያ አገሮች አዲስ ተገዝቶ የሚመጣ ስልክ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

እህል ነጋዴ፣ ደጀን
ልጄ፣ ስለ ስልኩ ልጆቹ ነግረውሻል፤ ስለ መስመሩ እኔ ልንገርሽ። ዋጋ አታስቀድሚ። አገራችን ሸለቆና ተራራ ነው፤ ምሰሶው ከጮቄ ወዲያ ሆኖ አንቺ ወዲህ ከሆንሽ ርካሹም ውዱም ጥቅል አንድ ነው። 07 ካላቸው ወዳጆችሽ ሲም ተውሰሽ በሦስት ቦታ ሞክሪ፦ በቤትሽ፣ በገበያው መካከል፣ በእናትሽ ደጃፍ። የእናትሽ ደጃፍ ይበልጣል፤ ሌሊት የምትደውልልሽ ከዚያ ነውና።

ንግድ ላይ ደግሞ ደንበኞችሽ በምን እንደሚከፍሉሽ እይ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔ ጋ ገበሬውም ደላላውም የለመደው እሱን ነው። *127# ብለሽ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የዚህን ጥቅም አይተነዋል። ሳፋሪኮም አገራችን ገብቶ ሥራ የጀመረው በ2015 ነው፤ የገንዘብ መላኪያው ኤምፔሳም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ። ከሰመረልሽ 07ን ለዳታ ጨምሪው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን 09 ቁጥርሽን ግን አትጣዪ።

የወር ሒሳቡን ለእኔ ብትዪ አልመክርም። ድኅረ ክፍያ ደመወዙ በየወሩ በቀኑ ለሚገባለት ሰው ወይም ለመሥሪያ ቤት ይመቻል፤ የእኛ ገቢ ግን ክረምትና በጋ አንድ አይደለም። ቅድመ ክፍያ ሆነሽ *999# ላይ የቀን ወይም የሳምንት ጥቅል ግዢ፣ በ*804# ሒሳብሽን እይ። የወር ጥቅል ሳይጠቀሙበት ጊዜው ሲያልፍ ያንገበግባል።

ጠያቂዋ፣ ከሞጣ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ የጎረቤቴን የ07 ሲም በእሷ ስልክ እንዳለ ይዤ ዞርኩ። ሞጣ ላይ ዳታው ፈጣን ነው፤ እናቴ ቤት ግን የ09 ብቻ ነው የሚሰማው፣ እሱም ከግቢው በር ወጣ ሲሉ። ስለዚህ 09 ላይ እቆያለሁ።

ስልኩ ግን ሌላ ጉድ አለው። የአጎቴን ልጅ ብጠይቀው የአራት ወር ክፍያ እንደቀረው አሁን ነገረኝ፤ ስጦታ ነው ብዬ ያመሰገንኩት ዱቤ ኖሯል!

ስልክ ጠጋኝ፣ ደብረ ማርቆስ
እንግዲያው አራት ወር ትታገሺያለሽ። ከፍሎ ሲጨርስ በዚያው ቁጥር ይጠይቅ። እስከዚያ 09 ሲምሽን አሮጌው ስልክሽ ላይ አድርጊ፤ ሳምሰንጉ ያለ ሲም በዋይፋይ ይሠራል። አሮጌው ስልክሽ ዳታ ማጋራት ከቻለ ከእሱ እየሳብሽ ተጠቀሚ። ክፍያውን እንዳያቋርጥ ግን አደራ በዪው፤ ኩባንያው ስልኩን ጨርሶ ሊያግደው ይችላል።

ጠያቂዋ፣ ከሞጣ
እሺ ወንድሜ። ባለሱቁንም ገንዘቤን መልስልኝ ብዬው ነበር፤ በምትኩ የስልክ መሸፈኛ ሰጠኝ። እሱም ልኩ አይደለም።