ጥላ ያምርላቸዋል፣ ሕንፃው ግን ይጋግራል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አርክቴክቸር አስተምራለሁ። ዘንድሮ ኃይል ቆጣቢ ሕንፃን በቀመር ከማደንቆር በሥዕል ልሞክረው አልኩ። ተማሪዎቹን ዘጌ ወስጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በእርሳስ አስነደፍኳቸው። ክቡ ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ ሲወርድ፣ ከሥሩ ያለው መተላለፊያ ሲጨልም፣ ሁሉንም አሳምረው ሳሉት። ደስ አለኝ።

ከዚያ የራሳቸውን ቢሮ ንደፉ ስላቸው አራቱም ጎን መስታወት! "ለምን?" ስል "ጣና እንዲታይ" አሉኝ። ሐይቁ እኮ በሰሜን ነው፤ የምዕራቡን መስታወት ማን አዘዘው? ከሰዓት በኋላ ያ ክፍል ምጣድ ነው።

ከደንገል የፀሐይ መከለያ የጎነጎኑም አሉ። ሥራው ግሩም ነው፤ ግን የሰቀሉት በደቡብ በኩል ብቻ ነው። እኛ ጋ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በደቡብ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ይህን በቃል ነግሬያቸው ነበር። ካርቶን ሞዴሉን በሞባይል ባትሪ ላሳያቸው ብሞክር፣ ብርሃኑ ከቅርብ ስለሚበተን ጥላው ዋሸኝ።

እና ጥያቄዬ፦ ሥዕሉን ከልኬቱ የሚያጋባ፣ ሶፍትዌር የማይፈልግ መልመጃ የሞከራችሁ አላችሁ? ማርኩንስ እንዴት ሰጣችሁ? እኔ እስካሁን ለውበቱ እየሰጠሁ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።