በልጄ የመንጋጋ ጥርስ ላይ የታየው ጥቁር ነጥብ የጥርስ መበስበስ ይሆን?

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የምኖር እናት ነኝ፤ ስለ ጥርስ ሕክምና የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የ8 ዓመት ልጄ የሕፃንነት ጊዜዋን ያሳለፈችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለችው ወንጂ በመሆኑ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቿ ላይ ቡናማ ቀለም ተጋድሞ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን ስለሚያልፍ፣ በዚያ ያደጉ ልጆች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ቀለሙም ግራና ቀኝ ተመሳሳይ፣ የጥርሱ ገጽም ልሙጥና ጠጣር ስለሆነ ብዙ አላሳሰበኝም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ስድስት ዓመት ሲሆናት የበቀለው የታችኛው ቋሚ የመንጋጋ ጥርሷ ነው። በማኘኪያው ገጽ ሸንተረር ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች፤ በቡርሽ አትለቅም፣ ዙሪያዋም በባትሪ ብርሃን ሲታይ እንደ ኖራ ነጣ ብሎ ደብዝዟል። ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣም ሆነ ሐላዋ ስትበላ አያማትም፤ ሆኖም መበስበስ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቩ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ላያሳምም እንደሚችል ስለማውቅ፣ ሕመም አለመኖሩ አላጽናናኝም።

አንድ ክሊኒክ ራጅ ሳያነሳ ወዲያውኑ ተቦርቡሮ ይሞላ አለ፤ ሌላው እየታየ ይቆይ አለ። ቋሚ ጥርስ አንዴ ከተቦረቦረ የማይተካ በመሆኑ ለመወሰን ተቸግሬያለሁ። ይህ በነጥቧ ዙሪያ ያለው ንጣት መበስበሱ እየቀጠለ መሆኑን ያመለክታል? ከመቦርቦሩ በፊት ራጅ እንዲነሳላት አጥብቄ ልጠይቅ? ወይስ ሳይቦረቦር፣ ጥርሱን ለማጠንከር ፍሎራይድ መቀባትና ሸንተረሩን ከላይ መድፈን ይበቃት ይሆን?