ጄፍ ቤክ ከ1980 በኋላ፦ ከማን ጋር ሠራ? ስትራቴንስ ለዚያ አጨዋወት እንዴት ላስተካክለው?

ዶሮማነቂያ_6ክር፦
ሰላም የጊታር ቤተሰቦች። ስለ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጄፍ ቤክ ሁሉም የሚያወራኝ ስለ ቀድሞ ባንዱ ስለ ያርድበርድስና ስለ «ብሎው ባይ ብሎው» አልበሙ ብቻ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ፒክ (መምቻ) ጥሎ በጣቱና በባሩ (ብሪጁን በሚያነቃንቀው ዘንግ) ዜማ የሚያወጣበት የኋለኛው ዘመኑ ነው። ከእነማን ጋር ሠራ? ከየትኛው አልበም ልጀምር?
ሁለተኛው ጥያቄ የዕቃ ነው። ስትራቴ (ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር) ሜክሲኮ ሥሪት፣ ባለ 6 ብሎን ብሪጅ (ክሩ ገላው ላይ የሚታሰርበት ብረት) ነው፤ የክሩ ውፍረት 10-46። ባሩን ወደ ላይ ስስበው ንቅንቅ አይልም። ወደ ታች ተጭኜ ስለቀው ደግሞ ቅኝቱ ይበላሻል፣ በተለይ የጂ ክር። ቤቱ የድሮ የፒያሳ ቤት ስለሆነ አምፑም ያጓራል።

ነጠላ_ኮይል፦
ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የቤክን ሥራ በጊታሩ ሳይሆን አብሮት በነበረው ኪቦርድ ተጫዋች ከፋፍለህ ስማው። ሰውየው ብዙ ዜማ የሚደርስ አልነበረም። ድርሰቱን ሌላው ያመጣል፣ እሱ በጊታር ይዘፍነዋል።

«ዋየርድ» (1976) ላይ ጃን ሃመር አለ። ሃመር ሲንተሳይዘሩን እንደ ጊታር ክር እያጎበጠ ስለሚጫወት ሁለቱ እልህ የተጋቡ ይመስላሉ። «ዜር ኤንድ ባክ» (1980) መሸጋገሪያው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት 3 ሥራዎች ከሃመር ጋር፣ የቀሩት ከቶኒ ሃይማስ ጋር፣ ድራሙ ሳይመን ፊሊፕስ፣ ቤዙ ሞ ፎስተር። ሃይማስ አይሽቀዳደምም። ኮርዱን ዘርግቶ መሀሉን ባዶ ይተውለታል። ቀስ ብሎ የሚጫወተው፣ አንድ ኖታ ላይ የሚቆየው ቤክ የተወለደው እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

«ፍላሽ» (1985) ፕሮዲውሰሩ ናይል ሮጀርስ ያለበት የፖፕ ሙከራ ነው። ሮድ ስቱዋርት የዘፈነበትን «ፒፕል ጌት ሬዲ» እና የሃመር ድርሰት የሆነውን «ኢስኬፕ» ሰምተህ እለፈው።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ «ጊታር ሾፕ» (1989) ነው። ቤክ፣ ሃይማስና ድራመሩ ቴሪ ቦዚዮ፤ ቤዝ ጊታሪስት የለም። የታችኛውን ድምፅ ሃይማስ በኪቦርድ ሲይዘው መሀሉ ክፍት ስለሚሆን፣ ቮልዩሙን ወደ 2 አውርዶ የሚነካት ኖታ እንኳ ጥርት ብላ ትሰማለች። በተለይ «ዌር ዌር ዩ» ላይ ቆይ፤ ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ ብቻ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ) መትቶ ዜማውን በባሩ የሚሠራበት ነው።

የ1993ቱ «ክሬዚ ሌግስ» ለሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኙ ለጂን ቪንሰንት ጊታሪስት ለክሊፍ ጋለፕ የተሠራ ማስታወሻ ነው፤ ለአንተ ጥያቄ አይጠቅምም። «ሁ ኤልስ» (1999) ላይ ከማይክል ጃክሰን ጋር ዓለምን የዞረችው ጄኒፈር ባተን ትገባለች፤ ጊታሯን በሚዲ (የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች መገናኛ) ከሲንተሳይዘር ጋር አገናኝታ የኪቦርዱን ሥራ ጭምር ትሸፍን ነበር። ቀጥሎ በ2001 እና በ2003 የወጡት ኤሌክትሮኒክ ምት የበዛባቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ድራሙ ጊታሩን ይጫነዋል።

ኖቬምበር 2007 ለንደን ሮኒ ስኮትስ ክለብ የተቀረጸው ግን ሌላ ነገር ነው። ድራም ቪኒ ኮላይዩታ፣ ኪቦርድ ጄሰን ሬቤሎ፣ ቤዝ ያኔ ገና 20 ዓመቷ የነበረችው ታል ዊልከንፌልድ። ኦዲዮውን ሳይሆን ቪዲዮውን ፈልግ፤ ካሜራው ቀኝ እጁን በቅርብ ያሳያል። በ2010 «ኢሞሽን ኤንድ ኮሞሽን» ከኦርኬስትራ ጋር መጣ። በ2016 «ላውድ ሄይለር» ከሁለት ወጣት ሴቶች፣ ከድምፃዊቷ ሮዚ ቦንስና ከጊታሪስቷ ካርመን ቫንደንበርግ ጋር። የመጨረሻው ከጆኒ ዴፕ ጋር የሠራው «18» (2022) ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን 2023 በ78 ዓመቱ አረፈ።

ብሎንና_ሞላ፦
ወደ ዕቃው እንምጣ። ባሩ ወደ ላይ የማይሳበው ብሪጁ ገላው ላይ ስለተኛ ነው፤ ከኋላው ክፍተት ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ክሮቹን አላላ። ከፊት ካሉት 6 ብሎኖች መሀል ያሉትን 4ቱን ግማሽ ዙር ያህል ከፍ አድርግ፤ ጭነቱን ዳርና ዳር ያሉት 2ቱ ብቻ ይያዙት። ይህን ክር ተወጥሮ እያለ እንዳታደርገው፣ የብሪጁን ጠርዝ ይበላዋል። ከዚያ የኋላውን ክዳን ክፈት። ሞላው 3 ይሁን። ሞላዎቹን የያዘችውን ብረት የሚያስሩ 2 ረጃጅም ብሎኖች አሉ፤ ሁለቱንም እኩል፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ በካቻቢቴ አላላ፤ ከዚያ ቃኝ፤ ብሪጁን እይ፤ ድገም። የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከገላው 3 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ በቃህ። እየቃኘህ እያለ ያስተካከልከው ክር መልሶ ይወርዳል፤ አትናደድ፣ ሞላውና ክሩ እየተመዛዘኑ ስለሆነ 4 ወይም 5 ዙር ይወስዳል።

በዚህ ከፍታ ባሩን እስከ መጨረሻ ስትስበው የጂ ክር ወደ 3 ግማሽ ድምፅ፣ ቢ ወደ 2፣ ቀጭኑ ኢ ወደ 1 ይወጣል። እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ ኮርድ ይዘህ ስትስብ ይበላሻል፣ ነጠላ ኖታ ላይ ተጠቀምበት። ብሪጁ ሲነሳ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል፤ ሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ ክሮቹን የሚሸከሙትን ብረቶች) አውርደህ 17ኛው ፍሬት ላይ ከ1.6 እስከ 2 ሚሊሜትር አድርገው። ለጣት አጨዋወት 2 ይሻላል፣ አውራ ጣት ከክሩ ሥር መግባት አለበት። በመጨረሻ 12ኛ ፍሬት ላይ ኢንቶኔሽኑን (ክሩ ፍሬት ላይ ሲያዝም ቅኝቱ ልክ መሆኑን) እንደገና ፈትሽ።

ቅኝቱ የሚበላሽበትን ምክንያት በጆሮህ ታገኘዋለህ። ባሩን ተጭነህ ስትለቅ ክሩ ከፍ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም ስበህ ስትለቅ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ያለው ቁራጭ) ላይ እየተያዘ ነው። ለስላሳ እርሳስ ቦዩ ውስጥ አሽ፤ ራስጌው ላይ ክሩን የሚጫኑትን ትንንሽ ብረቶች ሥርም እንዲሁ። ቃኚው ላይ ከ2 ወይም 3 ዙር በላይ አትጠምጥም። በቤክ ስም የወጣው የ2001 ሞዴል ሮለር ነትና ክር የሚቆልፍ ቃኚ አለው። ሮለር ነቱን ለማስገባት ግን አንገቱ መቆረጥ ስላለበት የለመደ እጅ ከሌለ አትሞክረው። ቆላፊ ቃኚው ከውጭ በሚመጣ ሰው ቢላክልህ ራስህ ትገጥመዋለህ።

ባሩ ጉድጓዱ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ የቧንቧ ቴፍሎን 2 ዙር ጠምጥምበት።

ሠራተኛ_ሰፈር፦
ስለ ማጓራቱ ባጭሩ። ክሩን ስትነካ የሚቀንስ ከሆነ የጊታርህ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ደህና ነው፤ ሰውነትህ የሚሰበስበውን ድምፅ ነው የምትሰማው። ካልቀነሰ ወደ ሞላ መያዣው የሚሄደው ሽቦ መበየዱን እይ፤ በቴስተር ከክሩ እስከ ጃኩ ስትለካ ከ1 ወይም ከ2 ኦም መብለጥ የለበትም። የፒክአፑን (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ) ጉድጓድ በመዳብ ወረቀት አልብሰውና ከኧርዙ ጋር አገናኘው። አልሙኒየም ርካሽ ነው፣ ግን ብየዳ አይዝልህም።
የድሮ ቤት ሶኬት ብዙ ጊዜ 3ኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ኧርዙን አስፈትሽ። ጫጫታ ለማጥፋት ብለህ የአምፑን ኧርዝ መቁረጥ ማለት ግን ሞትን መጥራት ነው። ፍሎረሰንቱንና የስልክ ቻርጀሩን ነቅለህ ብቻ ሞክር፤ ግማሹ ችግር እዚያ ሊሆን ይችላል። አምፑ የአሜሪካ 110 ቮልት ከሆነ ደግሞ በትራንስፎርመር እንጂ በቀጥታ እንዳትሰካው።

ባቲ_ማይነር፦
ወንድሜ፣ የፈረንጁን ዜማ ከመቅዳትህ በፊት እጅህን በትዝታ አፍታታው። የጊታር ባዶ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው፤ ጂን መነሻ ካደረግህ ይኸው ትዝታ ሜጀር ነው፣ አንድም ትርፍ ኖታ የለም። ስለዚህ 12ኛው ፍሬት ላይ ያሉት 6 ሃርሞኒኮች ሁሉ ከቅኝቱ አይወጡም። 7ኛው ፍሬት ላይ ካሉት ከቅኝቱ የሚወጣው የቢ ክር ሃርሞኒክ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ብቻ ነው፤ እሱን በባሩ 2 ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ብትጫነው ኢ ይሆንልሃል።
አሠራሩ፦ ቮልዩሙን በትንሿ ጣት ዝጋ፤ ባሩን ቀድመህ ትንሽ ተጫን፤ ሃርሞኒኩን ምታ፤ ቮልዩሙን እየከፈትክ ባሩን ቀስ ብለህ ወደ ቦታው መልስ። የመምቻው ድምፅ ይጠፋና ኖታው ከታች ተንሸራቶ ይገባል፣ ልክ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ ኖታውን እንደሚያገኘው። ከመዳረሻው ካለፈ ባሩን ቶሎ ለቀሃል ማለት ነው። በቅርብህ ቃኚ ማሽን ከፍተህ መርፌው መሀል ላይ ሲቆም እያየህ ተለማመድ፣ ጆሮ ብቻ መጀመሪያ ላይ ያታልላል።

ዶሮማነቂያ_6ክር፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ብሪጁ ከተንሳፈፈ በኋላ አንድ ክር ሲጎበጥ ሌሎቹ አይወርዱም?

ብሎንና_ሞላ፦
ይወርዳሉ። አንዱን አጉብጠህ ሌላውን ባዶ ክር አብረህ ከመታህ ባዶው ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው፤ በመዳፍህ ብሪጁን ደገፍ አድርገው ወይም በአንድ ክር ብቻ ተጫወት። ክር ቢበጠስ ደግሞ ሞላው ስለሚያሸንፍ የቀሩት 5ቱ በአንዴ ከፍ ይላሉ፣ መድረክ ላይ ያን ጊታር መቀጠል አይቻልም። ሁለተኛ ጊታር ከሌለህ ለመድረክ ቀን ከብሪጁ ሥር ከኋላ በኩል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት እንጨት ሸጉጥ፤ ወደ ላይ መሳቡ ይቀራል፣ ቅኝቱ ግን አይናድም።