ቲኢደብሊው 2016 የምትጫወቱ፣ ትንሿ ኩባንያዬ በአራት ወሯ ልትሞትብኝ ነው

ብርዳሙ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ናችሁ ወንድሞች። ቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ 2016ን (ቲኢደብሊው፣ የሬስሊንግ ኩባንያ የምታስተዳድርበትን የኮምፒውተር ጨዋታ) ውጪ ያለ የአጎቴ ልጅ ገዝቶልኝ ከገና ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ እሱ ላይ ነኝ፣ የኛን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጣቴ ማውሱ ላይ ነው የሚደርቀው። ካርታው ላይ አፍሪካ ስለሌለች አሜሪካ ትራይ ስቴት የሚባለው ክልል ላይ ከዜሮ አንድ ኩባንያ ፈጠርኩ፣ ስሟን ጣርማ በር ሬስሊንግ አልኳት፣ የጨዋታውን ቁጥሮች በምትቀይርበት ኤዲተር ላይ 50,000 ዶላር መነሻ አስገባሁላትና ጀመርን። አሁን አራት ወር ሞላት፣ የቀራት 15,600 ነው። በወር ሁለት ሾው አሳያለሁ፣ 16 ወጣት ታጋይ አለኝ እያንዳንዱ በሾው 100 ዶላር፣ ከነሱ ሌላ ድሮ ስም የነበራቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ 1,500፣ 1,500 የሚበሉ። አዳራሹና ፕሮዳክሽኑ ተደምሮ 600 ይወስዳል። የሚመጣው ሰው 60 ቢሆን ነው፣ ትኬቱ 600 ከቲሸርት ምናምን ደግሞ 100፣ ስፖንሰር በወር 400 ይሰጠኛል። ሾው ግን እኮ ቆንጆ ነው የማሳየው፣ ሁልጊዜ ጨዋታው ለሾው የሚሰጠኝ ውጤት ከኩባንያዋ ዝና በላይ ነው፣ ዝናዋም ቀስ እያለ እየወጣ ነው። ታዲያ ገንዘቡ ለምን አይከተልም? ኤዲተር ከፍቼ ብር ልጨምርላት ወይስ ነውር ነው?

ማሾ ነጋዴው (ሸዋ ሮቢት)፦
ኤዲተሩን ተወው፣ አንዴ ብር ከጨመርክላት ከዛ በኋላ ጨዋታው አይጥምህም ሞክሬው አይቻለሁ። ያንተን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሠራሁት፣ በአንድ ሾው 5,200 ታወጣለህ 700 ታስገባለህ፣ በቃ ሌላ ሚስጥር የለውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ 3,000 ናቸው። ለ60 ሰው ድግስ ሁለት ዘፋኝ ከአዲስ አበባ አስመጥተህ እኮ ነው ወንድሜ፣ ጠላው ሳይጠመቅ።
እኛ ጋ ሽንኩርት ሲደርስ የቀን ሠራተኛ እንጠራለን፣ የመጣ ቀን ይከፈለዋል ያልመጣ ቀን አይከፈለውም። የትንሽ ኩባንያ ኮንትራትም እንደዛ ነው፣ በሾው የሚከፈል ስለሆነ ያልጠራኸው ታጋይ ሳንቲም አይወስድብህም። ሁሉንም 16 ልጅ በየሾው የምትጠራው ለምንድነው? አምስት ግጥሚያ ይበቃል፣ 10 ልጅ። እነሱንም ገና ማንም የማያውቃቸውን ፈልገህ በ60 ዶላር ተደራደር። ከላይ አንድ ስም ያለው ሰው ያስፈልጋል አዎ፣ ግን የ1,500ው ሳይሆን የ400ው። እሱን ዋናው ግጥሚያ ላይ ብቻ አውለው፣ የሾውህን ውጤት በብዛት የሚወስነው የመጨረሻው ግጥሚያ ነው፣ መክፈቻ ላይ ሽማግሌ ማስገባት ብር ማቃጠል ነው። ፕሮዳክሽኑንም ወደ 300 አውርደው፣ 60 ሰው ለመብራት ብሎ አይመጣም።

የመንዙ በርኖስ (መሐል ሜዳ)፦
ከላይ ያለው ልጅ ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሮድ ኤጀንት (ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ግጥሚያውን ከታጋዮቹ ጋር የሚያቅደው) እና ኮሜንታተር ለብቻ ቀጥረህ ከሆነ እነሱም ደሞዝ ናቸው፣ ሂሳብህ ውስጥ አልጻፍካቸውም። የ400ውን ሰው ስትፈልግ ሳይኮሎጂው (ግጥሚያን እንደ ታሪክ አሳምሮ የመምራት ችሎታው) ከፍ ያለውን ምረጥ፣ ታጋይም ሮድ ኤጀንትም ይሆንልሃል፣ አንድ አፍ ሁለት ሥራ። እኔ ይሄን ነገር ከድሮው ጨዋታ ከኤክስትሪም ዋርፌር ሪቬንጅ ጀምሬ ነው የምጫወተው፣ እሱ ነፃ ነበር፣ በፍላሽ ነበር የምንቀባበለው። ያኔም የምንከስረው በዚችው ነው፣ በቴሌቪዥን የምናውቀውን ሰው ስናይ እጃችን አያርፍም። የአሜሪካው የሬስሊንግ ኩባንያ ኢሲደብሊው እንኳ እንደዛ ተወዶ በ2001 እ.ኤ.አ የከሰረው ሰው ጠልቶት አይደለም፣ የሚወጣው ከሚገባው በልጦበት ነው።
በወር አንድ ሾው ብቻ አድርግ። 1,300 ታወጣለህ፣ 700 ከነ400 ስፖንሰሩ 1,100 ታስገባለህ፣ በወር 200 ብቻ ትከስራለህ። 15,600 ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያኖርሃል።

ማሾ ነጋዴው፦
ጋሼ በአክብሮት፣ እዚች ላይ አልስማማም። ዝና የሚወጣው በሾው ነው፣ ሾው ካላሳየ በምን ይወጣል? ሁለት ካሳየ በወር 800 ይከስራል፣ 15,600 ማለት 19 ወር ነው፣ በ19 ወር ውስጥ 60ው ሰው ወደ 150 ካልደረሰ መጀመሪያውኑ ችግሩ ብሩ ጋ አይደለም። ስድስት ዓመት 60 ሰው ፊት መታገል ምን ያደርግለታል?

የመንዙ በርኖስ፦
ልጄ 19 ወር ስትለው አንዱ ልጅ አይጎዳም ብለህ ነው። የ400ው ሰው በሁለተኛው ሾው ጉልበቱ ቢሰበር ዋናውን ግጥሚያ ማን ይሠራዋል? ሌላ ሰው ቶሎ ስትፈልግ ነው ዋጋ የሚወደድብህ። ደህና የሆኑትን ልጆችም ትልቁ ኩባንያ በጽሑፍ ኮንትራት ይወስድብሃል፣ ያንተ ኮንትራት አያስርም። መጠባበቂያ ያስፈልጋል ነው የምልህ። ግን ይሁን፣ ወጣት ናችሁ፣ ሁለት አሳዩ።

ብርዳሙ፦
ጋሼም አንተም እግዜር ይስጥልኝ። ሮድ ኤጀንቱን ረስቼው ነበር፣ እውነት ነው ለብቻው 150 ነው የሚበላው፣ ለካ ከምላችሁም በላይ ነበር የምከስረው። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አስተካከልኩ፣ ሽማግሌዎቹን መጥራት አቆምኩ (አንደኛው አልተጠራሁም ብሎ ወዲያው ሞራሉ ወረደ፣ አዘንኩለት)፣ ስድስት ልጅ አሰናበትኩ፣ 350 ዶላር የሚበላ ሳይኮሎጂው ጥሩ የሆነ አንድ ሰውዬ አገኘሁ፣ ሁለት ሾው አሳየሁ፣ በጠቅላላ የከሰርኩት 700 ብቻ። ደስ ብሎኝ ተነስቼ ቡና ላፈላ ስል መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ ባትሪ የለውም ድሮም። ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ጠዋት ስከፍተው ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው 1,500፣ 1,500 እየጠበቁኝ ነው፣ ያን የ350ውን ሰውዬ ደግሞ አሁን 500 ካልሆነ አልፈርምም አለኝ። 450 ብለው ይሻላል ወይስ ሌላ ልፈልግ?