ክፍያው አነስተኛ፣ የሞባይል አገልግሎቱ አስተማማኝ የሆነ ባንክ ጠቁሙኝ

ወገኖቼ፣ ምክራችሁን እሻለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለኝ። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ እኔ ግን አንዱን መምረጥ አቅቶኛል።

ደንበኞቼ በቴሌብር ወይም በየባንካቸው ይከፍሉኛል፤ አከፋፋዮቼ ደግሞ ገንዘቡን በራሳቸው ባንክ ይፈልጉታል። ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ከባንክ ወደ ባንክ መላክ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በየዝውውሩ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያና በላዩ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ለሚሸጥ ሰው ቀላል አይደለም።

ከዚህ የከፋው መተግበሪያው ነው። የአሁኑ ባንኬ መተግበሪያ ገበያ በደራበት ሰዓት ይቆማል፤ አንዳንዴም ገንዘቡ ከሒሳቤ ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ ይቀራል። ቅርንጫፍ ስሄድ መልሱ «ጠብቅ፣ ይመለሳል» ነው። አከፋፋዩ ግን አይጠብቅም፤ ዕቃውን ለሌላ ይሰጠዋል።

ንግድ ባንክ፣ አዋሽ፣ ዳሽን ወይም አቢሲኒያ የምትጠቀሙ ነጋዴዎች፣ ወደ ሌላ ባንክ ስትልኩ ስንት ይቆረጥባችኋል? የተሰናከለ ዝውውርስ በስንት ቀን ይመለስላችኋል? የወለዱ ነገር ብዙም አያሳስበኝም። የሒሳብ መግለጫ ግን ሱቄን ሳልዘጋ፣ ከስልኬ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ግብር ሲደርስ የግድ ያስፈልገኛል። ይህን የሚያሟላ ባንክ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።