ልቦለድ፣ ፊልም፣ ቲክቶክ፦ ሽሽቱ አንድ አይደለም እንዴ?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ቤተሰብ፣ ከድሬ ነኝ። አንድ ነገር ከእናቴ ጋር እያጨቃጨቀን ነው። ምሳ በልቼ ሽርጤን አገልድሜ ቬንትሌተሩ ስር ጋደም ስል ስልኬን አነሳና ቲክቶክ እገባለሁ፣ ከዛ ቀና ስል መሽቷል። እናቴ «አንተ ልጅ እዚህ ዓለም ላይ የለህም» ትለኛለች። ነገሩ ግን ልጅ ሆኜ ልቦለድ ሳነብም ይቺኑ ነበር የምትለኝ፣ ከቪዲዮ ቤት በጆሮዬ ጎትታ ያወጣችኝ ጊዜም አለ (የህንድ ፊልም መቼም ገብተህ ቶሎ አትወጣም)። አሁን ደሞ ጭራሽ «ያኔ መጽሐፍ ላይ ስታፈጥ ይሻል ነበር» ማለት ጀምራለች። እና ጥያቄዬ፣ ከምር ይሻል ነበር? ሁሉም ካለሁበት መሸሽ ነው አይደል? ከሙቀቱ፣ ከደሞዜ፣ ከአለቃዬ ፊት ነው የምሸሸው፣ በመጽሐፍ ብሸሽ በስልክ ብሸሽ ምን ለውጥ አለው? አንባቢ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ለምንድነው እንደ ጻድቅ የሚታየው? «ስልክህን ዝጋና ስፖርት ስራ» የሚል መልስ ግን በናታችሁ አልፈልግም።

ቀፊራ ማዶ
አቦ ስፖርቷን ቀድመህ ዘጋሃት ሃሃሃ። እኔ የዌብሳይት ስራ ነው የምሰራውና ከዛ በኩል ላውራ። ድሮ ድረገጽ ላይ ታች ስትደርስ «ቀጣይ ገጽ» የሚል ነገር ነበር አይደል፣ እሱን እስክትነካ ድረስ ለአንድ አፍታም ቢሆን ልቀጥል ልተው ብለህ ታስባለህ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ገጹ ሳያልቅ ከስር ራሱ እየጨመረ የሚሄድበትን ዘዴ ሰራ፣ በኋላ ሰውየው ራሱ በአደባባይ ጸጽቶኛል ብሏል። ልቦለድ ምዕራፍ አለው፣ የህንድ ፊልሙም ቢሆን ስንት ዘፈን ተዘፍኖ ስንት ለቅሶ ተለቅሶ በመጨረሻ ይጋባሉ ወይ ይሞታሉ አንተም ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ቲክቶክ ላይ በቃህ የሚልህ ባትሪ ብቻ ነው፣ እሱንም ሰክተህ ትቀጥላለህ። ደሞ መጽሐፉ ምን እንደምትወድ አያውቅም፣ ቲክቶክ ግን የቱ ቪዲዮ ላይ እንደቆየህ እያየ ነው የሚቀጥለውን የሚያመጣልህ። እና እናትህ ልክ ናት ባይ ነኝ።

ሰሚራ ገንደቆሬ
እኔን የሚገርመኝ ማን ነው «ሸሸ» የሚባለው የሚለው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ እናቶቻችን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያዩ ስንት ወሬ ተወራባቸው፣ የፊልም ሰዎቹ ገበያችን ተዘጋ ብለው ጮሁ፣ ባሎች ወጥ አረረ ብለው ጮሁ። ሴትየዋ ከሌሊት ጀምራ ገበያ፣ ልብስ፣ ልጅ ስትል ውላ ያቺን ሰዓት ቡና ይዛ ብትቀመጥ ከዓለም ወጣች ተባለ! ወንዱ ግን ከ8 ሰዓት ጀምሮ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ በርጫውን ይዞ በምርቃና አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ ማንም ሸሸ አይለውም፣ እሱማ ወግ ነው፣ ባህል ነው። እሺ ወግ ይሁን። ግን ወንድሜ ጓደኞቹን ይዞ ሳሎን ሲቅም ሻይ ይዤ ስገባ የማየውን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ዝም! እያንዳንዱ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ አንዱ ኳስ አንዱ ሪልስ አንዱ ላይቭ፣ አልፎ አልፎ አንዱ ይስቅና ስልኩን ለጎኑ ያሳያል፣ ያኛው «እእ» ብሎ ወደራሱ ይመለሳል። ድሮ አባታችን ሲቅም እኮ ጨዋታው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። የሳቢያን ልጅ፣ የእናትህ ቅሬታ መሸሽህ አይመስለኝም፣ ብቻህን መሸሽህ ነው። ድራማውን ከጎረቤት ጋር አይታ ማግስቱን ስታወራው ትውላለች፣ አንተ ያየኸውን ማን ያውቃል?

ጀጎል ውስጥ
ሰላም ከሐረር። ቶልኪን የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር ይሄንኑ አንስቶት ነበር። ሰው እስር ቤት ሆኖ ወጥቼ ቤቴ ልግባ ቢል፣ መውጣት ባይችል እንኳ ከግድግዳና ከዘበኛ ውጪ ስለሌላ ነገር ቢያስብ ለምን ይወቀሳል ነው የሚለው። ተቺዎቹ የእስረኛውን ማምለጥ ጦሩን ጥሎ ከሚጠፋ ወታደር ጋር ያምታቱታል ይላል። እና ጥያቄው አንተ የትኛው ነህ ነው እንጂ መጽሐፍ ወይስ ስልክ አይደለም።

ሌላው የእኛው ከተማ ጉድ ደሞ ራምቦ ነው፣ ፈረንሳዩ ገጣሚ። እኛ ከሐረር በግጥም እንሸሻለን፣ እሱ ከግጥም ሸሽቶ ሐረር መጣ! ሀያ ዓመት ገደማ ሲሆነው መጻፉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ እዚህ ገብቶ ቡናና ቆዳ ነጋዴ ሆነ። ተመቸው እንዳትሉ፣ ለቤተሰቦቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሰለቸኝ ሰለቸኝ ነው የሚለው፣ ደሞ መጽሐፍ ላኩልኝ እያለ ያዛል፣ ግጥም መስሏችሁ ከሆነ የለም፣ ስለ እንጨት ስራ፣ ስለ ብረታ ብረት ምናምን። እ.ኤ.አ. በ1891 በቃሬዛ ተሸክመው አወረዱትና እዛው ዓመት ማርሴይ ሞተ።

ጡረተኛው ከሼመንደፈር
ልጆች ደህና ናችሁ። የሐረሩ ልጅ የጻፈው እስረኛ ምሳሌ ብቻ አይደለም፣ በእኛ አገር በእውነት የሆነ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ እያለ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈውን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ያ ብጥስጣሽ ወረቀት ከእስር ቤት ወጥቶ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነገ ይጠሩኝ ይሆን እያለ የሚያድር ሰው የሌላ አገር ሰው ጣጣ ውስጥ ገብቶ ቃል ሲመርጥ ያድራል፣ ይህን መሸሽ የምትሉት ከሆነ እኔ አልከራከርም።

እኛ ውጪ የነበርነውም ሰዓት እላፊ ነበረብን፣ በጊዜ ቤት ነው የሚገባው። ታዲያ ሬዲዮ ላይ «ከመጻሕፍት ዓለም» ነበር፣ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርከው ሬዲዮ የሌለው ጎረቤት ጭምር እኛ ቤት ይመጣል፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሰፈራችን ልጆች እስኪመስሉን ድረስ። ልጅ ሰሚራ እንዳለችው ነው፣ ማግስቱን ጋራዥ ውስጥ ሰራተኛው ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን ሲራገም ይውላል። ስልኩን አልጠላሁትም፣ ይኸው እኔም ማታ ማታ በዚሁ ትረካ እሰማለሁ። ግን ብቻዬን ነው የምሰማው፣ ባለቤቴ ወዲያ ማዶ የራሷን ታያለች።

የሳቢያን ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰሚራ አንቺ ደሞ ጉድ ነሽ፣ የበርጫዋን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸውና አንዱ ብቻ ነው ቀና ያለው። ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፣ እኔ ዝም ብዬ ብቻዬን መሆን የምፈልግበት ሰዓት አለ፣ መጽሐፍም እኮ ድሮ ለብቻዬ ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር የማነበው፣ ማንንም ሳልጠራ። ቀፊራ ያልከው ግን ልክ ነው፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ከጣራ እወርድ ነበር። የነቢይን መጽሐፍ ድሬ ውስጥ የት አገኛለሁ? ፒዲኤፍ ያላችሁ እንዳትልኩልኝ፣ ስልኬ ላይ ከሆነ ቲክቶክ ጎረቤቱ ነው።

ጡረተኛው ከሼመንደፈር
እኔ ጋ አለ፣ ሽፋኑ የለም እንጂ ውስጡ ሙሉ ነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ጫት እየቃምክ አታንብብብኝ፣ ገጹ ይቆሽሻል።

ቀፊራ ማዶ
ጋሼ ከሱ ቀጥሎ ለእኔ ተራ ይያዝልኝ።