ለዕለት ሥራ የምትነዳ ቪትዝን ሆዷ ሳይጎዳ ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሰሚቱ ቪትዝ

ሰላም ለሁላችሁም። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2004 ሥሪት የሆነች ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። በሥራ ቀናት ከሰሚት ወደ ቦሌ እመላለስባታለሁ፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እሁድ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ይሳፈርባታል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ቁመናዋን ስላበላሸብኝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ላደርጋት አስቤአለሁ። ዋናው መንገድ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ወደ ቤቴ የሚያስገባው ኮብልስቶንና የሰፈሩ ሰው በየመታጠፊያው በሲሚንቶ የሠራቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ናቸው። አንድ ጋራዥ ሞላዋን ቆርጦ በግማሽ ቀን ሊጨርስልኝ እንደሚችል ነግሮኛል፤ አንድ ወዳጄ ግን ከዱባይ አጭር ሞላ ባስመጣ እንደሚሻል ይመክረኛል። የዘይት ቋቱን፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) እና ከወለሉ ስር የሚያልፉትን ቱቦዎች ሳላስመታ ይህን ማድረግ የምችልበትን መንገድ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የጎተራው መካኒክ

ሞላ የመቁረጡን ሐሳብ ከወዲሁ ይተዉት። በቪትዝ የኋላ እግር ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ለየብቻ የተቀመጡ ሲሆን፣ ሞላውን ከላይና ከታች ባሉት መቀመጫዎች መካከል የሚያቆየው የመኪናዋ ክብደት ነው። ሲቆረጥ ስለሚያጥር፣ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ወይም መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ ይላላና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። የተቆረጠው ጫፍ ከመቀመጫው ቅርጽ ጋር ስለማይገጥምም እየፈተገ ይበላዋል። በእሳት አሙቆ ማስተኛት የሚባለው ዘዴ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ስለሚያጣ ሞላው ከጊዜ በኋላ በራሱ መውረዱን ይቀጥላል፣ ግራና ቀኙም እኩል አይሆኑም። እንዲህ ሆና የመጣች መኪና ጋራዣችን ስትደርስ የምናደርገው ሞላውን መጣል ብቻ ነው፤ የሚጠገን ነገር የለውም።

ለመኪናዋ ሞዴል ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ከፋብሪካው ሞላ ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ታች የሚቀረው የመተጣጠፊያ ርቀት ስላነሰ ያንኑ ጉድጓድ ባነሰ ቦታ መሸከም ይኖርበታል። ስለዚህ ያረጀ ሾክ አብዞርበር ላይ አዲስ አጭር ሞላ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ መኪናዋ ትዘላለች፣ ስትዘል ደግሞ ተመልሳ የምታርፈው በሆዷ ነው። ሾክ አብዞርበሮችዎ ዘይት ካፈሰሱ ወይም የፊቷን አንድ ጎን ተጭነው ሲለቁት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘች ሁሉንም አብረው ይለውጡ።

ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋውን አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ ሞላ ከተገጠመ በኋላ የታችኛው ክንድና የኋላው አግዳሚ ጎሚኒዎች (የመገጣጠሚያ ላስቲኮች) ብሎን በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ በአዲሱ ቁመቷ ላይ እያለች ነው። በክሪክ እንደተንጠለጠለች ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ እየተጎተተም ጊዜው ሳይደርስ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ነዋሪ ከሲኤምሲ

ከሞላው ምርጫ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም አሁን ባላት ቁመት ምን ያህል ትርፍ አለዎት የሚለው ነው። የፊት ጎማዎች ጉብታውን አልፈው የኋላዎቹ ገና ሳይደርሱ አራቱም ጎማዎች ሜዳ ላይ ይሆናሉ፤ ጉብታው ደግሞ ከሆዷ መሃል ላይ ይገኛል። የዚህች ቪትዝ የፊትና የኋላ ጎማዎች መሃል ለመሃል ርቀት 2.37 ሜትር ስለሆነ ጠባብ ጉብታ ሙሉ በሙሉ በመካከል ይገባል። በዚያች ቅጽበት ዝቅተኛው የሆዷ ክፍል ከጉብታው አናት በላይ ካልሆነ ይመታል፤ ቀስ ብሎ መንዳት ምቱን ያለዝበዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ ገንዘብ ሳያወጡ እንዲህ ይፈትኑ። ለአርማታ ብረት ማሰሪያ የሚውለውን ለስላሳ ሽቦ ቆራርጠው በጭስ ማውጫው ቱቦ መጋጠሚያ፣ በዘይት ቋቱ አጠገብ ባለው የብረት አግዳሚና በማርሚታው ላይ አስረው እያንዳንዱ ከታሰረበት ክፍል 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። ፕላስቲክ ማሰሪያ አይጠቀሙ፤ ቱቦው ያቀልጠዋል። ከዚያ እንደ ወትሮው ለአንድ ሳምንት ይንዱ። ለስላሳ ሽቦ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ታጥፎ ስለሚቀር የተኛው ሽቦ የትኛው ክፍል ሊመታ እንደነበር ያሳይዎታል። ከዚህ ጎን ለጎን የሰፈርዎን ከፍተኛ ጉብታ በሜትር ይለኩ፤ የመኪናዋንም ከፍታ ባዶዋንና ቤተሰቡ እንደተሳፈረ ለየብቻ ይለኩ።

ጠያቂው፦ የሰሚቱ ቪትዝ

የሽቦው ፈተና ከጠበቅሁት በላይ ጠቅሞኛል። ብቻዬን ስሄድ የቱቦው መጋጠሚያ ሽቦ በትንሹ ጎበጠ እንጂ ሌሎቹ ደህና ነበሩ። እሁድ ቤተሰቡ ተሳፍሮ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን የማርሚታው ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተኛ። ልኬቱ እንዲህ ነው፦ የቱቦው መጋጠሚያ ባዶዋን 14.5፣ ስትጫን 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማርሚታው ባዶዋን 16፣ ስትጫን 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፍተኛው ጉብታ 10.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ልኬት 3 ሴንቲ ሜትር ማውረድ እንደማይቻል ገብቶኛል። ከሞተሩ ስር ጠንካራ ላሜራ ባሳስር ግን ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ ላሜራ ሠሪው

ላሜራ እንዲያሳስሩ እመክራለሁ፤ ሥራዬም ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዘይት ቋት ሲመታ ዘይት ባይፈስ እንኳ ጉዳት ሊኖር ይችላል። የቀጭን ብረት ቋት ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ ከውስጥ ዘይቱን የሚመጥጠው ወንፊት ከቋቱ ወለል ጋር ሊቀራረብና የዘይቱ ፍሰት ሊቀንስ ይችላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቋት ደግሞ ከመጎደጎድ ይልቅ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ የፊት ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈና እንደ መንሸራተቻ የሚያገለግል፣ የዘይት መለወጫ ቀዳዳና ለሙቀት መውጫ የሚሆኑ ክፍተቶች ያሉት ሆኖ ቢሠራ ይበጃል። መታሰር ያለበት ሞተሩን በሚሸከመው የብረት አግዳሚ ላይ ነው፤ ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ጋር የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የታሰረ በመጀመሪያው ምት ተገንጥሎ ጎማ ስር ይገባል።

መልስ፦ ነዋሪ ከሲኤምሲ

ከላሜራ ሠሪው ሐሳብ ጋር በከፊል አልስማማም። ላሜራው ከዘይት ቋቱ በታች ስለሚቀመጥ ራሱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። በፋብሪካው ቁመት ላይ ላለች መኪና ይህ ምንም አይደለም፤ ዝቅ ለምትል መኪና ግን ለማዳን የምንጥረውን ቦታ ራሱ ይበላዋል። ደግሞም በጠያቂው ልኬት ላይ ችግር የሆኑት የቱቦው መጋጠሚያና ማርሚታው ሲሆኑ፣ ሁለቱም ላሜራው ከሚሸፍነው ቦታ ውጪ ናቸው። አስቀድሞ እነርሱን ወደ ላይ ማንሣት ይቀድማል። ማርሚታው የተንጠለጠለባቸውን የላስቲክ መስቀያዎች በአጫጭር መለወጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያስገኝ ይችላል፤ ሲደረግ ግን ማርሚታው ወለሉን ወይም የነዳጅ ቱቦውን እንዳይነካ፣ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውም እንዳይነሣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመጋጠሚያው ላይ ደግሞ ረጅሙ የብሎን ጫፍና ዳዶው ወደ ታች ተንጠልጥለው ከሆነ፣ ብሎኑን ገልብጦ አጭሩ ራስ ወደ ታች እንዲሆን ማድረግ ብቻውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያተርፋል። ጠያቂው ጎንበስ ብለው ቢመለከቱት በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

መልስ፦ ሹፌር ከፍራንክፈርት

እኔ ባለሁበት በጀርመን አገር አጭር ሞላ የገጠመ ሰው መኪናውን ለመርማሪ መሐንዲስ አቅርቦ ማጽደቅ አለበት፤ ከሞላው ጋር የሚመጣው ሰነድም ለየትኛው ሞዴልና በአክሰል ለስንት ኪሎ ጭነት እንደተሠራ ይገልጻል። በአዲስ አበባ ለሚነዳ ሰውም ይህ ሰነድ ይጠቅማል፤ ሰነድ የሌለው ሞላ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም። ጃፓን ውስጥ የሚሸጡ አጫጭር ሞላዎችን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፦ በዚያ አገር የቤት መኪና ከመሬት ሊኖራት የሚገባው ዝቅተኛ ከፍታ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ማለት የጃፓንን ምርመራ በሚገባ የምታልፍ መኪና በጠያቂው ሰፈር ባለ 10.5 ሴንቲ ሜትር ጉብታ ላይ ሆዷን ልትመታ ትችላለች ማለት ነው።

ጠያቂው ቁመናን ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ሳያወርዱ የሚገኝ መፍትሔም አለ። አሁን የተገጠመላት ጎማ 175/65 ባለ 14 (ስፋቱ 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች) ከሆነ ከመሬት እስከ አናቱ ያለው ሙሉ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 185/55 ባለ 15 ደግሞ 584 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የፍጥነት መለኪያውን ሳያዛባ ቸርኬው በአንድ ኢንች ያድጋል፣ መኪናዋም ሞላት ትመስላለች። ጉዳቱ የጎማው ጎን ስለሚያጥር ኮብልስቶን ላይ ትንሽ መንገጫገጧና ሹል ጉድጓድ ቸርኬውን በቀላሉ ማጉበጡ ነው። ከዚህም አልፎ 195/50 ባለ 15 የሚገጥሙ ብዙዎች ናቸው፤ እርሱ ግን 576 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሆዷን 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያወርዳታል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ባለ ኤሌክትሪኳ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብዙም ባልርቅ፤ ይህ ምክር ለኤሌክትሪክ መኪናም ይሠራል ወይ?

መልስ፦ የጎተራው መካኒክ

እህቴ፣ ባይሞክሩት እመርጣለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልናል። በኤሌክትሪክ መኪና ከወለሉ ስር አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው ባትሪው ነው። ማርሚታ ቢመታ በብየዳ ይድናል፤ የባትሪ ሣጥን ቢጎደጉድ ግን ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ ውዱን ነው የነኩት።

ወደ ቪትዟ ልመለስና ሒሳቡን ልሥራው። የኋላው ሞላ ከፋብሪካው በሩብ ያህል የሚጠነክር ቢሆንና 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢያወርድ፣ ማርሚታው ባዶዋን 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ቤተሰቡ ሲሳፈር አሁን በ4.5 የምትወርደው በ3.6 ብቻ ስለምትወርድ 10.4 ይቀራል፤ የማርሚታው መስቀያ በ1.5 ሲያጥር 11.9 ይሆናል። የፊቱ መጋጠሚያ በተመሳሳይ ሒሳብ ስትጫን 11.3፣ ብሎኑ ሲገለበጥ 12.3 አካባቢ ይሆናል። ከ10.5 በላይ የቀረው ትርፍ ከ1.4 እስከ 1.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚህ በላይ መውረድን አልመክርም። 2 ሴንቲ ሜትር የሚያወርድ ሞላ ካላገኙ ቁመቱ በክር የሚስተካከለው ዓይነት ይሻላል፤ ነገር ግን በክረምት ጭቃው ክሩን ስለሚያደርቀው እየታጠበ ግራሶ መቀባት አለበት።

ጠያቂው፦ የሰሚቱ ቪትዝ

በ2 ሴንቲ ሜትሩ ተስማምቻለሁ፤ ላሜራውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። መስቀያዎቹንና ብሎኑን በዚህ ሳምንት አሠራለሁ፣ ሞላውን ከነሾክ አብዞርበሩ በሚቀጥለው ወር አስመጣለሁ። ከተገጠመ በኋላ ምን ልከታተል?

መልስ፦ የጎተራው መካኒክ

በመጀመሪያ ከጋራዡ ሳይወጡ የኋላ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው እንዲቆዩ በክሪክ ያስነሡና የኋላውን ሞላ በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ፤ በቀላሉ ከዞረ ላልቷልና ያ ሞላ ለመኪናዋ አይሆንም፣ እንዳትቀበሉት። አላይመንቱን በዚያው ቀን ያስተካክሉ፤ የፊት ጎማዎች አናታቸው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብልና አቅጣጫቸውም ስለሚለወጥ፣ ካልተስተካከለ ጎማው በውስጥ ጎኑ ሳይታይ ይበላል። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚተኛ ከወር በኋላ ቁመቷን እንደገና ይለኩ፤ ከወረደች አላይመንቱንም ይድገሙት።

ጉብታ ላይ ፍሬን ይዘው አይውጡ፤ ፍሬን ሲያዝ የፊቷ ክፍል ስለሚደፋ የለካነው ቁመት አይገኝም። ፍጥነቱን ቀድመው ይቀንሱ፣ ጎማው ሊነካው ሲል ፍሬኑን ይልቀቁ። መንገዱ ባዶ ከሆነ ጉብታውን በሰያፍ ማለፍም ይረዳል። የዘይት መብራት ድንገት ቢበራ ግን እስከ ቤት ልድረስ ሳይሉ በቆሙበት ሞተሩን ያጥፉ። በነገራችን ላይ አሁን የሚጠቀሙበት የጋራዥ ክሪክ ከታች ላይገባ ስለሚችል፣ ጎማዎቹን የሚያወጡባቸው ሁለት ወፍራም ጣውላዎች ያዘጋጁ።